እስክጠራ ድረስ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ሹፌር በነበርኩበት ዘመን ማደሪያ በደረስኩ ቁጥር ሁለት መስመር ሳልጽፍ አልተኛም ነበር። የመንገዱን ነገር፣ የጭነቱን ነገር፣ ማን እንዳናደደኝ። እዚህ ልጄ ዘንድ ከመጣሁ ወዲህ መንገዱም ጭነቱም ስለሌለ ደብተሩ ሻንጣ ውስጥ ተኝቶ ከረመ። ዛሬ ግን ሥራ አግኝቻለሁና ልጽፍ።

ሥራው እንዲህ ነው። ልጄ ነርስ ናት፤ ፈረቃዋ መያዣ መጨበጫ የለውም። ባሏ ወረቀቱ አላልቅ ብሎት ገና አገር ቤት ነው። ስለዚህ የዘጠኝ ዓመቷን የልጅ ልጄን ማክሰኞ ለልምምድ፣ ቅዳሜ ለግጥሚያ ወደ እጅ ኳስ አዳራሽ የማመላልሳት እኔ ሆኛለሁ። ስሟ ሌላ ነው፤ እኔ ግን እሜቴ ነው የምላት፣ አፏን ሳትፈታ ጀምሮ ሰው የማዘዝ ጠባይ ነበራትና። የምንሄደው በአውቶቡስ ነው። መንጃ ፈቃዴ እዚህ አይሠራም አሉኝ። ዕድሜ ልኩን ከባድ መኪና የነዳ ሰው ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሌላው ሲነዳ ያያል። ይባስ ብሎ በደንብ ነው የሚነዱት። የምነቅፈው አጣሁ።

አሰልጣኟ እሜቴን ከራሷ እስከ እግሯ አየቻትና በደስታ አንድ ነገር ተናገረች።

"ምን አለች?" አልኩ።

"ከእናንተ አገር የመጣ ሰው በጣም ይሮጣል አይደል ወይ አለች።"

ከዚያ አስሮጠቻት። እሜቴ የምትሮጠው እንደ እኔ ነው፣ ከነሙሉ ጭነቷ ዳገት እንደምትወጣ። አሰልጣኟ ጥቂት አየችና በረኛ አደረገቻት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

የመጀመሪያ ግጥሚያ። ብዙ ገባባት። ግን አቋቋሟ ደስ ሲል። እግሯን ከፍታ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ዓይኗን ጨፍና። አንድ ሁለት ጊዜ ኳሱ ራሱ መጥቶ እግሯን መታና ወጣ፤ ያን ጊዜ አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበላት፣ የተጋጣሚዎቻችን ወላጆች ጭምር። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። እኔ በማውቀው ሜዳ ለሌላ ቡድን በረኛ የሚጨበጨበው ሲያመልጠው ነው።

ሌላም ያስገረመኝ አለ። ጨዋታው ሲያልቅ ወለሉን የጠረገው የአንዷ ልጅ አባት ነው። እሜቴን ብጠይቃት የጥርስ ሐኪም ነው አለችኝ። ጥጋጥጉን ሳይቀር እየጎነበሰ ነው የጠረገው። አሰልጣኟ ደግሞ በሥራ ቀን ቧንቧ ሠራተኛ ናት አሉ። ክንዷን ላየ ሰው አይገርምም። ለዚህ ሁሉ ማንም አይከፍላቸውም፤ ልጆቹ ይጫወቱ ብለው ብቻ ነው የሚለፉት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ሆዷን ቆረጣት። ባለፈው ማክሰኞም እንዲህ አድርጓት ነበር። ከጉጉት ብዛት ነው፤ እኔም ረጅም መንገድ ልወጣ ስል ያደርገኝ ነበር። እሷ ካልሲ በምታጠልቅበት ጊዜ ሌላ ሰው ሱሪ ይሰፋበታል። ጥንቁቅ ናት።

በሩ ላይ ስንደርስ "አባባ፣ ዛሬ እኮ ብርድ ነው፤ ጉልበትህን አያምህም? ከፈለግህ እንቅር" አለችኝ። ምንም አይለኝም አልኳት። ለሰው አሳቢ ልጅ።

(ያመኛል። ግን ቤት ከመዋል ይሻላል።)

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ልጄ ዛሬ ዕረፍት ላይ ነበረች። ስለ ትኬቴ አነሳችብኝ። መመለሻዬ የካቲት መጨረሻ ላይ ነው።

"አራዝመውና ቅርልን አባዬ። ፈቃዱን እኔ አሳድስልሃለሁ።"

"እናያለን።"

"ሁልጊዜ እናያለን። እዚያ ደግሞ ምን አለህ?" አለችና ወዲያው አንገቷን ደፋች። እናቷ ካረፈች ገና ሁለት ዓመት አልሞላም። ሰሃን ማጠብ ጀመርኩ፤ የታጠበውን ሰሃን ነበር የማጥበው።

እውነቱን እዚህ ልጻፈው። ሥራ ካለኝ እቆያለሁ። እሜቴን ማመላለስ ደግሞ ሥራ ነው፣ ማንም አይንቀውም። እሱ ከቀረ ግን ሶፋ ላይ ተጎልቼ ማን ገባ ማን ወጣ እያልኩ የልጄን ቤት አላጣብብም። የካቲት ላይ ሻንጣዬን አነሳለሁ። ይህን ለልጄ አልነገርኳትም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

አሰልጣኟ ከልምምድ በኋላ ወደ እኔ መጥታ፣ እሜቴን ትከሻዋን ይዛ፣ ለረጅም ጊዜ ተናገረች። ዓይኗን እየጨፈነች እየከፈተች ሁሉ አሳየችኝ።

"ምን አለች?"

"ጎበዝ ነኝ አለች።"

"ይህን ሁሉ ሰዓት?"

"በጣም ጎበዝ ነኝ አለች።"

የዚህ አገር ቋንቋ ውኃ ሳይበዛበት አይቀርም። እኔ ከቋንቋቸው እስካሁን የያዝኩት "አመሰግናለሁ" እና "ይቅርታ"ን ብቻ ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ አንዳንዴ ይጠፋኛል፤ እስካሁን የተቀየመኝ ግን የለም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ዛሬ የሆነውን አልጽፍም።

እሑድ፣ ኅዳር 8

እንቅልፍ ስለነሳኝ ልጻፈው።

ፊት መስመር፣ ከመከለያው ሳንቃ ጀርባ ነበር የተቀመጥኩት። ከተጋጣሚዎቻችን አንዷ፣ የፊት ጥርሷ የወላለቀ ትንሽዬ ልጅ፣ እየሮጠች መጥታ ልክ እኔ ፊት ተዘረረች። ጉልበቷን ይዛ አለቀሰች። ኳሱ ወደ ሌላው ጫፍ ሄዷል፣ አብዛኛው ሰው አንገቱን ወደዚያ አዙሯል። አንድ ሰው አይነሳም ብዬ ዞር ዞር አልኩ። አዩዋት እኮ፤ አይተዋት ቁጭ አሉ። እግሬ ከእኔ ቀድሞ ሳንቃውን ተሻገረ። "እኔን ይድፋኝ፣ እኔን ይድፋኝ የኔ እናት" እያልኩ ብድግ አድርጌ አቀፍኳት፣ ጉልበቷን አራገፍኩላት፣ መሀረቤን አውጥቼ አፍንጫዋን ጠረግኩላት። ልጅቷ ለቅሶዋን አቁማ አየችኝ። ከዚያ የጮኸችውን ጩኸት የከባድ መኪና ጥሩምባም አያወጣው።

ፊሽካ ተነፋ። ቀና ስል ሜዳው ውስጥ ነኝ። ለካ በዚያው ቅጽበት የእኛ ልጆች በወዲያኛው ጫፍ ጎል አግብተው ኖሯል፤ ዳኛው ሰረዘው። በአንድ ጎል ተሸነፍን። የልጅቷ እናት እየሮጠች መጥታ ከእጄ ተቀበለቻት፣ ፊቷ አመድ መስሏል። ይቅርታ ልላት ፈልጌ አመሰግናለሁ አልኳት።

እሜቴ ጎሉ ውስጥ ቆማ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍናለች።

ማታ አሰልጣኟ ለልጄ ደወለች። ለሦስት ግጥሚያ አዳራሹ ውስጥ መግባት አልችልም። ተመልካች ሜዳ ከገባ ደንቡ እንዲህ ነው፤ ከደገመው ደግሞ ቡድኑ ራሱ ከውድድር ይወጣል። ልጄ ስልኩን ዘግታ፣ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር አጠገቤ ቁጭ አለች።

"አባዬ፣ እዚህ የሰው ልጅ ዝም ብሎ አይነካም።"

"ወድቃም?"

"ወድቃም።"

"ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው ታዲያ?"

"እንዳንተው ሰዎች ናቸው" አለችና መሳቅ ጀመረች። ሳቁ ወደ መጨረሻው ሌላ ነገር ሆነባት። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። በዚህ ዕድሜዬ ልጄ ስለ እኔ ሰው ይቅርታ ስትጠይቅ ሰማሁ። አፈርኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

አውቶቡስ ውስጥ መውረጃችን ሲቃረብ ነገሩን ላቅልላት ብዬ "ከአሁን ወዲያ ከፈለግሽ የጥርስ ሐኪሙ በመኪናው ይውሰድሽ። ልጁ ካንቺ ጋር አይደለች?" አልኳት።

"አይሆንም" አለች ቶሎ ብላ። "አንተ ነህ የምትመጣው።"

ስንወርድ ደግሞ "ካልመጣህ ቀኑን ሙሉ ምን ትሠራለህ?" አለችኝ። ብዙ ሥራ አለኝ አልኳት። ምን ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ጨዋ ልጅ ናት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ከአዳራሹ በር ውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ለስላሳ የሚሸጥ ማሽን አለ። አጠገቡ አግዳሚ ወንበር። ቦታዬ እሱ ሆኗል።

ጨዋታውን በጆሮዬ ነው የምከታተለው። ሞተር በድምፁ እንደሚታወቅ ይኸም ይታወቃል። የጫማ ሲጥሲጥታ ሲበዛ ማጥቃት አለ። ጭብጨባው ረዘም ካለ የእኛ ጎል ነው፣ ለጨዋነት ያህል አጠር ካለ የእነሱ። አጠር ያለው በዛ።

በዕረፍት ሰዓት እሜቴ ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። አንዱ ጣቷ አብጧል። "ደህና ነህ አባባ?" አለችኝ። መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። እጇን በመሀረቤ ላስርላት ኪሴ ብገባ መሀረብ የለኝም፤ ያን ዕለት በዚያች ልጅ እጅ ቀርቷል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21

የዚያች የወደቀችው ልጅ ቡድን ዛሬ በዚሁ አዳራሽ ከእኛ በፊት ተጫውቶ ነበር። እናትየዋ ኮሪደሩ ላይ ስታየኝ ቆመች። ተነስቼ ወደ ውጭ ልወጣ ስል ከቦርሳዋ መሀረቤን አወጣች። ታጥቧል፣ ተተኩሷል፣ ታጥፏል። ለምን ይሆን ስል፣ ልጅቷ ሱሪዋን ሰብስባ ጉልበቷን አሳየችኝ። ድኗል። እናትየዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለችልኝ። እኔም ጎንበስ አልኩ። ምን እንደምል ስላላወቅኩ ሁለቱንም ቃሎቼን ተናገርኩ፤ ልጅቷ በዚያ ባልበቀለ ጥርሷ ሳቀች።

ይህን ያህል ቀን ልብ የላቸውም እያልኩ በውስጤ ስሳደብ ነበር የከረምኩት። የማታውቀውን ሽማግሌ መሀረብ ተኩሳ፣ አንድ ቀን አገኘው ይሆናል ብላ በቦርሳዋ ይዛ ትዞር ነበር። አፌን ልያዝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 26

ልጄ ከባሏ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማሁ። ሆን ብዬ አይደለም፣ ግድግዳው ስስ ነው። "ደስ ብሎታል መሰለኝ። አዎ፣ እሷ እንኳ አልወደደችውም። አይ፣ እሱ እስኪለምድ ነው፣ ቃል ገብታልኛለች" ትላለች።

ስለ ማን እንደሆነ እንጃ። ሥራ ቦታዋ አዲስ ሰው ሳይገባ አይቀርም። አዲስ ሰው ይከብደዋል፤ ይርዱት።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 1

ቅጣቴ ቅዳሜ አልቋል። ዛሬ ግን ኮሪደሩን ስለለመድኩት እዚያው ተቀመጥኩ። ልምምዱ ሲያልቅ አሰልጣኟ ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ እሜቴን ለአስተርጓሚነት መሃላችን አደረገቻት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየቡድኑ አግዳሚ ጫፍ ላይ፣ በልምምድም በግጥሚያም፣ የመጀመሪያ እርዳታ ቦርሳ የሚይዝ አንድ ትልቅ ሰው ይቀመጣል። ልጅ ተጎድታ ዳኛው በእጁ ሲጠራው ገብቶ ያያታል። የእኛው ቦርሳ ያዥ ሚስቱ መንታ ስለወለደች ከቤት መውጣት አልቻለም።

"ሜዳ ዘሎ የሚገባ ሰው ነው የሚያስፈልገኝ አለች" አለች እሜቴ። "ግን ስትጠራ ብቻ ነው አለች። ሳትጠራ አትነሳም። ልጅቷ ብታለቅስም አትነሳም። ትችላለህ ወይ አለች።"

"ለምንድን ነው የማልነሳው?"

የአሰልጣኟ መልስ ዛሬ አጭር ነበር።

"አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው ይነሳሉ አለች። ሲነሱ ማየት አለብህ አለች።"

አሰብኩበት። ያን ቀን ሁሉም የተቀመጡት ልጅቷን ስለናቋት መስሎኝ ነበር። እየጠበቋት ኖሯል። ይህች ሴት ቀኑን ሙሉ የሰው ቧንቧ ስትጠግን ውላ፣ ማታ ደግሞ ልጆች ወድቀው እስኪነሱ ትጠብቃለች። እችላለሁ በያት አልኩ። ፍሬን መያዝ የማይችል ሹፌር እኔ ዕድሜ ላይ አይደርስም።

እሜቴ በመልሱ ጉዞ ከእኔ ይልቅ እሷ ደስ ብሏት ነበር። "አሁን የራስህ ሥራ አለህ ማለት ነው አይደል?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "የራስህ ብቻ?" ብላ ደገመችው። አዎ አልኳት። ከዚያ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 12

ውድድሩ ለዕረፍት ተቋርጧል። እኔ ትምህርት ገባሁ። በዕድሜ ከልጅ ልጄ ከፍ ከሚሉ ልጆች ጋር አንድ ክፍል፣ የመጀመሪያ እርዳታ። አስተማሪው የሚለው አይገባኝም፣ እጁን ግን አያለሁ፤ ሥራ በእጅ ሲታይ ይገባል። ደረቱን የምንጫነው አንድ የላስቲክ ሰው አለ፣ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ተራዬ ሲደርስ ወለሉ ቀዝቃዛ መሆኑን አይቼ ኮቴን አውልቄ አለበስኩት። ልጆቹ በሳቅ ወደቁ። አስተማሪው ግን አልሳቀም። ኮቱን እያሳያቸው አንድ ነገር ነገራቸው፣ ከዚያ ሁሉም የራሱን ኮት አወለቀ።

ልጄ ቤት ስነግራት "ትክክል ነህ እኮ፣ ሙቀት አንዱ እርዳታ ነው" አለችኝ። የሥራ ባልደረባ ሆንን አልኳት። ብዙ ጊዜ እንዲህ ስትስቅ አላየኋትም።

ቅዳሜ፣ ጥር 3

አግዳሚው ጫፍ ላይ። ቦርሳው ጉልበቴ ላይ። አንዷ ልጃችን በክንዷ ወደቀች። ግማሽ ተነሳሁ። የአሰልጣኟ እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ፤ ሳትዞር ነው ያሳረፈችው። ተቀመጥኩ። ልጅቷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ክንዷን አየችው፣ ሊያለቅስ የመጣውን ፊቷን መለሰችው፣ ተነስታ ሮጠች። ሁለት ሜትር ያህል ከሄደች በኋላ ረስታዋለች።

ይህን ሳላይ አርጅቼ ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥር 20

ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠራሁ፣ ነስር ነበር። ዛሬ ልጆቹ አዲስ ጨዋታ ፈጥረዋል። አንዷ ሆን ብላ ትወድቃለች፣ ሌሎቹ ይከቧትና ጭንቅላታቸውን ይዘው "ኔን ዪፋን" ይላሉ። ምን ማለታቸው ነው ብዬ እሜቴን ስጠይቃት "አንተን ነው እኮ" አለችኝ። የጥርስ ሐኪሙ ልጅ ትርጉሙን ጠይቃት ኖሯል፤ እሜቴ "ለእሷ የሆነው ለእኔ ይሁን ማለት ነው" ብላ ነግራታለች። ከዚያ ወዲህ ይቀልዱበታል፣ ግን በደንብ ሲወድቁም ይሉታል።

እሜቴ ብቻ አትጫወትም ነበር። ጎሉን ተደግፋ ሰዓቱን ታያለች። ቁም ነገረኛ በረኛ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 1

ልጄ ትኬቱን አነሳች። "ቀኑ እየደረሰ ነው አባዬ፣ አንድ ነገር በለኝ።" እናያለን አልኳት። የምለውን አላውቅም። ቦርሳው ደስ ይለኛል። ግን ቦርሳ የያዝኩት እሜቴ እዚያ ስላለች ነው፤ እሷ ነገ ብትተወው እኔ በምን ምክንያት እዚያ እቀመጣለሁ? ሰው በልጅ ጨዋታ ላይ ኑሮውን አይመሠርትም።

ትናንት ምሳ አልበላሁም። ለብቻ ሲሆን አይርበኝም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

የዛሬውን ሳልጽፍ አልተኛም።

በሁለተኛው አጋማሽ አንዲት ረጅም ልጅ ከቅርብ ወረወረች። ኳሱ እሜቴን ፊቷ ላይ አገኛት። ወደ ኋላዋ ወደቀች፣ አልተነሳችም።

እኔ ተቀምጫለሁ። የቦርሳውን ማንገቻ እጄ ላይ ጠምጥሜዋለሁ። አሰልጣኟ ዞር ብላ አየችኝ። ዳኛው ጎንበስ ብሎ አነጋገራት። ፍሬን በጋለበት ቁልቁለት ብዙ ወርጃለሁ፤ እንደዚህ የረዘመብኝ የለም። ከዚያ ዳኛው ቀና ብሎ በእጁ ጠራኝ።

አልሮጥኩም። የተማርኩት እንደዚያ ነው።

በጀርባዋ ተኝታ ጣሪያውን ታያለች። ጉንጯ ማበጥ ጀምሯል። ዓይኗን አየሁ፣ ጣቴን እንድትከተል አደረግኩ፣ የት እንዳለች ጠየቅኳት።

"ጎል ውስጥ" አለች።

"ያምሻል?"

"ትንሽ።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ዳኛው ቋንቋችንን እንደማያውቅ ረስታለች። "አባባ፣ እኔ እኮ እጅ ኳስ አልወድም።"

ቀዝቃዛውን ከረጢት ጉንጯ ላይ ያዝኩላት።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው። ኳሱ ያስፈራኛል።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?"

"ለእማዬ ነገርኳት። አባባ ከቤት የሚወጣው አንቺን ሲያደርስ ብቻ ነው፣ ትንሽ ታገሺ አለችኝ። እኔ ካቆምኩ አንተ የት ትሄዳለህ?"

ዳኛው ሰዓቱን አየ። አዳራሹ ጸጥ ብሏል። ማልቀስ አምሮኝ ነበር፤ ቦርሳ ያዥ ሆኖ ሜዳ ውስጥ ማልቀስ ግን አይሆንም።

"ይህ ቦርሳ የማን ሥራ ነው?" አልኳት።

"ያንተ።"

"እንግዲያው አንቺ ኖርሽም አልኖርሽም ማክሰኞ ማክሰኞ እዚህ መምጣት አለብኝ። አሰልጣኟ ትቆጣኛለች።"

"እውነትህን ነው?"

"እውነቴን ነው።"

"ይሄን ጨርሼ ላቁም?"

"ጨርሰሽ አቁሚ። ላንሳሽ?"

"አይ፣ ራሴ እነሳለሁ።"

ተነሳች። እኔ ወደ አግዳሚዬ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ዓይኗን ከፍታ ነው የተጫወተችው። የመጨረሻዋ መሆኑን ስላወቀች ይሆናል፣ ፍርሃቱ ለቀቃት። ከዚህ በፊት አድናው የማታውቀውን ኳስ አዳነች፤ ሲገባባት ደግሞ ሳቀች። ተሸነፍን። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበላት። እኔም ቦርሳውን አስቀምጬ አጨበጨብኩ።

እሑድ፣ የካቲት 9

ልጄን ነገርኳት።

"ተናገረች?" አለች። ከዚያ "አባዬ፣ ለክፉ አስቤ አይደለም። ከመጣህ ጀምሮ መስኮቱ ጋ ነበር የምትውለው" አለችኝ።

ክፉ አላደረግሽም አልኳት። እኔም መስኮቱ ጋ መዋሌን ሰው ያየኝ አይመስለኝም ነበር።

ወራቱን ሙሉ እሷን ሳመላልስ የከረምኩ መስሎኝ ነበር። ለካ ተሳፋሪው እኔ ነኝ። የሆድ ቁርጠቱን ከጉጉት ቆጠርኩት፣ ካልሲውን ከጥንቃቄ፣ የተጨፈነ ዓይኗን ከአቋም። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ኳስ እየፈራች፣ ጣቷ እያበጠ፣ እኔ ከቤት እንድወጣ ብላ ያን ሁሉ ቅዳሜ ጎል ውስጥ ቆመች። አንድ ቀን እንኳ አልተማረረችብኝም። ብዙ ጀግና ሹፌር አውቃለሁ፤ በእንዲህ ዓይነት መንገድ ላይ ሲነዳ ያየሁት ግን የለም።

ማታ ልጄን "ትኬቱን አራዝሚው" አልኳት። ስልኳን ልታነሳ ሄዳ መንገድ ላይ ቆመች፣ ተመልሳ መጥታ አቀፈችኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

እሜቴን ከእጅ ኳስ ሌላ ምን መሥራት ትፈልጊያለሽ ብያት ነበር፤ "ማክሰኞ ምንም አለመሥራት" አለችኝ። ዛሬ ከሥራ የቀረችው እናቷ ጭን ላይ እግሯን ሰቅላ ምንም ሳትሠራ ተኝታለች። "ቻው አባባ" አለችኝ፣ ቀና እንኳ ሳትል። እንደዚህ ደስ ያለኝ ስንብት የለም።

አውቶቡስ ውስጥ ለብቻዬ ነበርኩ። የምናገረውን እስክወርድ ድረስ ከንፈሬ ላይ ስለማመደው ሄድኩ፤ ጎኔ የተቀመጠችው ሴት ጸሎት መስሏት ቦታ ለቀቀችልኝ።

አዳራሽ ስደርስ ልጆቹ ከበቡኝ። ሁሉም በአንዴ ያወራሉ፣ የሚተረጉምልኝ የለም፤ የሰማሁት የእሜቴን ስም ብቻ ነው። አሰልጣኟ በመሃላቸው መጥታ ከኋላዬ በሩን አየች፣ ከዚያ በእጇ የእሜቴን ቁመት ያህል አሳይታ ጠየቀችኝ።

በቋንቋቸው መለስኩላት። "እሷ ቤት ናት። የመጣሁት እኔ ነኝ።"

ቦርሳውን አቀበለችኝና ልምምዱ ተጀመረ።